የወንበር ገመና

ሞያሌ ላይ ወንበር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ወሬው ሁሉ ስለ ጨርቅ ነው። ከፋይ ይሁን ሌዘር? ቀዩ ይሻላል ቡኒው? የሚበረክተው የናይሮቢው ነው የአዲስ አበባው? ብዙውን ጊዜ ጨርቁን ከኢትዮጵያው ሞያሌ ገዝቶ፣ በብብቱ ሸጉጦ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ጨርቁን ወደ ጎን አስቀምጬ ወንበሩን ገልብጬ ሆዱን አያለሁ። እዚህ በኬንያው በኩል «ፉንዲ» (የእጅ ባለሙያ) እያሉ የሚጠሩኝ ደንበኞች ይህን ልማዴን ያውቁታል፤ አንዳንዶቹም ዋጋ ሊጨምር ነው ብለው ገና ስገለብጠው ፊታቸው ይጠቁራል። አልፈርድባቸውም። ጨርቅ ለእንግዳ ይታያል፤ መጋጠሚያ ማን ያየዋል?

በእጄ ከሚገቡት አሮጌ ወንበሮች አብዛኞቹ በደጋ የተሠሩ ናቸው። ዋንዛው ዝናብ በሚጠግብበት አገር በቅሎ፣ እዚያው ተልጎና ተጋጥሞ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደዚህ ሙቀትና አቧራ ይወርዳል። እንጨት ሲደርቅ ርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ስለዚህ ድቡልቡል የነበረው የአግዳሚው ጫፍ ሞላላ ይሆንና የገባበትን ቀዳዳ መሙላት ያቅተዋል። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራል። ባለቤቱም መዶሻ አንሥቶ ምስማር ይመታበታል።

መጋጠሚያ ላይ ምስማር መምታት ለእኔ ነውር ነው። እንጨቱ በዝናብ ወቅት ትንሽ ያብጣል፣ ደረቁ ወቅት ሲገባ መልሶ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ውሎ አድሮ እንጨቱ በምስማሩ ትክክል ይሰነጠቃል፤ በግማሽ ቀን ያልቅ የነበረው ሥራም አዲስ እግር ቀርጾ ወደ መተካት ይሄዳል። የሚሻለው ነቅሎ መፍታት ነው። የጥንቱ ወንበር የተጣበቀው ከቆዳና ከአጥንት በሚፈላ ሙጫ ከሆነ ሙቅ ውኃ ያላቅቀዋል፤ ያ ሙጫ ትልቅ ጸጋው ይህ ነው። ዘመናዊው ነጭ ኮላ እንዲህ በቀላሉ እሺ አይልም። ተለያይቶ ሲያበቃ አሮጌውን ሙጫ በመሮ ፍቆ እንጨቱን ማራቆት ግድ ነው፣ አዲስ ሙጫ በደረቀ ሙጫ ላይ በደንብ አይዝምና። ቀዳዳው ከሰፋ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ስስ የእንጨት ልጣጭ ለጥፎ ማወፈር ነው። ከዚያ አራቱን እግሮች በገመድ ዞሮ ማሰር፣ ገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብቶ መጠምዘዝ፣ እስኪደርቅም አለመንካት። ሞርሳ ከሌለ ገመድ ይበቃል።

ይህ ጣጣ የሌለበት መቀመጫ በርጩማ ነው። የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ ሦስት እግር ደግሞ መሬቱ ምንም ቢጎረብጥ አይንገዳገድም። ቢበዛ ይሰነጠቃል። እንዲያ ያለ ዕቃ ሠርቶ ያለፈ ሰው ለእኔ ብጤው እንጀራ አላሰበም።

አንዲት የሴሲ ሰፈር እናት ሁለት ወንበሮች በጋሪ አስጭነው መጡ፤ ቀይ ከፋይም ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይችን ብቻ አልብስልኝ።»

አንዱን በመደገፊያው ይዤ ወዘወዝኩት። «እማማ፣ ይኼ ልብስ አይደለም የጎደለው፣ ጉልበት ነው።»

«ጉልበቱን ማን ያይልኛል? እንግዳ የሚያየው ከፋዩን ነው።»

«እንግዳው ሲወድቅስ?»

ሳቁ፣ ግን በዋጋው አልለቀቁኝም። በሽልንግ ስነግራቸው በብር እያሰሉ፣ በብር ስነግራቸው በሽልንግ እየመነዘሩ ከቀትር በኋላውን አጋመስነው። የተስማማነው ከፋዩ በአንደኛው ላይ ብቻ እንዲለብስ፣ የሁለተኛው አጥንት ግን እንዲጠገንና ልባሱ ለሌላ ጊዜ እንዲቆይ ነው። አንደኛው አጥንቱ ደህና ስለነበር ነገሩ አላስከፋኝም።

ልባሱን ስገፍ ከጨርቁ ሥር ሌላ ጨርቅ፣ ከእሱም ሥር ሌላ ወጣ። ብዙ ሶፋ ሠሪ አሮጌውን ሳያነሣ በላዩ ላይ ይደርባል፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ትርፍም አለው። የሚጎዳው አግዳሚው ነው። በእያንዳንዱ ልባስ ዙሪያውን በምስማር ሲወጋ የኖረ እንጨት በመጨረሻ ምስማር መያዝ ይሳነዋል። እንዲህ ሲሆን ቀዳዳዎቹን በሰጋቱራና በሙጫ ደፍኜ፣ ካልሆነም ከውስጥ ቀጭን ጣውላ አጣብቄ፣ ልባሱን እዚያ ላይ እወጥራለሁ።

ስፖንጅ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የተሠራበት ፖሊዩሬቴን በጀርመናዊው ኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ የተገኘው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት መቀመጫ በአብዛኛው የሚሞላው በሞላ፣ በቃጫ፣ በጭድና በፈረስ ጭራ ነበር። ስፖንጅ አየርና ብርሃን ያረጁታል፤ ቢጫ ሆኖ በእጅ ሲነካ እንደ ዱቄት ይበናል። ሞላ ግን ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ብረቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ በስምንት አቅጣጫ መልሶ ማሰር ነው። የመቀመጫውን ሥር ከመኪና ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ የሚወጥሩም አሉ። አልነቅፈውም። ርካሽ ነው፣ ይለጠጣል፤ ሲላላ መቀየር ቀላል ነው።

ሁሉም አሮጌ ወንበር ግን ይታደሳል ማለቴ አይደለም። ምስጥ የገባበትን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ከሰጠ እመልሰዋለሁ። ቺፑድንም አልቀበልም፤ አንዴ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ቪቴ አይዝም። ደንበኛ አዝኖብኝ ቢሄድ ይሻለኛል።

ዋንዛ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ የሐበሻ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ኬንያም በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ደኖች የእንጨት ቆረጣን አግዳ ለአምስት ዓመት ገደማ ቆይታለች። ክልከላው ተገቢ ነበር። ውጤቱ ግን የደረቀ፣ የበሰለ የዋንዛ ጣውላ በየቤቱ ጓዳ ተሰባብሮ ከተቀመጠው ወንበር ውጭ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ልጆች ያን ሰባብረው ሻይ ሲያፈሉበት አይቻለሁ፤ በምትኩ የሚገዛው ፕላስቲክ ወንበር በዚህ ፀሐይ ምን ያህል እንደሚቆይ የሞያሌ ሰው ያውቀዋል።

አቅም ያለውም ቢሆን አሮጌ አይንቅም። አዲስ አበባ ያለው አፍሪካ አዳራሽ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀ፣ በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ረጅም እድሳት ተደርጎለት በጥቅምት 2024 ዳግም ሲከፈት ስለ አፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ብዙ ተወራ፤ ይገባዋልም። እኔን የማረከኝ ግን የአዳራሹ የድሮ የቤት ዕቃም የእድሳቱ አካል መሆኑ ነው። አዳራሹን የያዘው የተባበሩት መንግሥታት አዲስ ወንበር መግዣ አጥቶ አይደለም መቼም።

ስለዚህ ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ወንበሩን አምጡ። እሱም ከከበዳችሁ ገልብጡትና እግሮቹን አንድ በአንድ ወዝውዙ። የላላው አንድ መጋጠሚያ ብቻ ከሆነ ሙጫና ገመድ እቤታችሁ አይጠፋም፤ እኔ ጋ መምጣትም አያስፈልጋችሁም። አሮጌውን ሙጫ ሳትፍቁ አዲስ እንዳትቀቡ ብቻ።