የታወቁ የሚመስሉ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች

ፈሊጥ ፍቺው ከተዋቀረባቸው ቃላት ድምር በቀጥታ የማይገኝ፣ የቋንቋው ተናጋሪዎች በልማድ አጽንተው የሚገለገሉበት ሐረግ ነው። ከእንግሊዝኛ አዘውትሮ የሚጠቀሰው ምሳሌ «ኪክ ዘ ባኬት» የሚለው ነው፤ ቃል በቃል «ባልዲውን በእግር መምታት» ሲሆን ፈሊጣዊ ፍቺው «መሞት» ነው። ፍራንሲስ ግሮዝ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተሙት የተራው ሕዝብ አነጋገር መዝገበ ቃላትም በዚሁ ፍቺ ሰፍሯል። እንዲህ ያለው ፈሊጥ እንግዳነቱ በግልጽ ስለሚታይ አንባቢን ወደ መዝገበ ቃላት ይመራዋል። ለተመራማሪ ይበልጥ አሳሳች የሚሆኑት እንግዳ የማይመስሉት ናቸው።

ፈሊጦች ሁሉ በአንድ ደረጃ የተዘጉ አይደሉም። ጄፍሪ ነንበርግ፣ አይቫን ሳግና ቶማስ ዋሶው እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ፈሊጦችን በሁለት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ፍቺያቸው ለየቃላቱ ሊከፋፈል የሚችል ነው። «ስፒል ዘ ቢንስ» ቃል በቃል «ባቄላውን መድፋት»፣ በፈሊጥነቱ «ምስጢር ማውጣት» ነው፤ መድፋቱ ማውጣቱን፣ ባቄላው ምስጢሩን ይወክላል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ወደ ተገብሮ ቢለወጥም ፈሊጣዊ ፍቺው አይጠፋም። ሁለተኛዎቹ ግን እንደ አንድ ቃል የሚቆጠሩ ናቸው። በእንግሊዝኛ «ባልዲው በእግር ተመታ» ቢባል የሞት ፍቺው ይጠፋና ባልዲው ብቻ ይቀራል። በአማርኛም «ልቡን ሰበረችው» እና «ልቡ ተሰበረ» እኩል ሲያገለግሉ፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለው ግን አንድ ቃል ቢለወጥበት ይፈርሳል።

ታዋቂነትና ድግግሞሽም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሮዛመንድ ሙን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ 18 ሚሊዮን ያህል ቃላትን የያዘ የቋንቋ መረጃ ክምችት መርምረው፣ አብዛኞቹ ቋሚ አገላለጾች በአንድ ሚሊዮን ቃላት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንደማያጋጥሙ አሳይተዋል። «ኪክ ዘ ባኬት» ራሱ ከብርቅዬዎቹ ወገን ነው። እንግዲህ ደማቅ ፈሊጦችን በዝርዝር መሸምደድ ለድካሙ የሚመጥን ፍሬ አይሰጥም።

በጥናት ሥራ ላይ ጥፋት የሚያስከትሉት ተራ ቃላትን የለበሱት ናቸው። «ኳይት ኤ ፊው» በሚለው ሐረግ ውስጥ «ፊው» ብቻውን «ጥቂት» ማለት ነው፤ ሐረጉ በሙሉ ግን «በርካታ» ማለት ነው። አንድን ግኝት «ኳይት ኤ ፊው» ጥናቶች ደግፈውታል የሚለውን «ጥቂት ጥናቶች ደግፈውታል» ብሎ የተረዳ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝቱን በተገለበጠ መሠረት ላይ ያቆማል። በተቃራኒው አቅጣጫም ስሕተቱ ይደርሳል። በአማርኛ ቃለ መጠይቅ ላይ «እጅ ሰጠሁ» ያለ የቀድሞ ወታደር መሸነፉንና መማረኩን ተናግሯል። ንግግሩ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «ጊቭ ኤ ሃንድ» ወደሚለው ፈሊጥ ይጠጋል፤ የዚህም ፍቺ «መርዳት» ነው። እንዲህ ሲሆን ምርኮኛው በጥናቱ ውስጥ ረዳት ሆኖ ይገኛል።

አፍ የፈቱበት ቋንቋ መሆኑም ሁልጊዜ ከስሕተት አያድንም። «ቴብል» የሚለው ቃል በስምነቱ ጠረጴዛ ነው፤ አንድን ጉዳይ «ቴብል» ማድረግ በብሪታንያ ለውይይት ማቅረብ፣ በአሜሪካ ግን ውይይቱን ማቆየት ነው። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ እንደተረኩት፣ የብሪታንያ መኮንኖች አንድን አስቸኳይ ሰነድ «ቴብል» እናድርግ ሲሉ አሜሪካውያኑ አጥብቀው ተቃወሙ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር እንደሚፈልጉ የተረዱት ከረጅምና መራራ ክርክር በኋላ ነበር።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት የጥንቃቄ መንገዶች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ሐረጉ የተለመደ ቢመስልም የቃል በቃል ፍቺው ከቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው የየትኛው አገር እንግሊዝኛ ተጠቃሚ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ በትርጉም ጊዜ ፈሊጥ በፈሊጥ ካልተተካ ፍቺውን በግልጽ ቋንቋ ማስፈር ይሻላል። የማያውቀው ሐረግ የገጠመው አንባቢ መጠየቁ አይቀርም፤ ያወቀ የመሰለው ግን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ጥንቃቄው ይበልጥ የሚያስፈልገውም ለእርሱ ነው።