ማሳከኩን አትናቁት

የዛሬው ጉዳይ ብዙ ሴቶች ለመናገር የሚያፍሩበት ነው። እናቶች፣ እህቶች፣ እስቲ ወደ ራዲዮኑ ጠጋ በሉ። አባቶችም ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ የሚስትና የእናት ጤና የእናንተም ነገር ነው።

ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ የ60 ዓመት እናት ነበሩ። ብልታቸውን በውጭ በኩል ያሳክካቸዋል፤ ሌሊት ይብስባቸዋል። «የእርጅና ነው» እያሉ በጨውና በሎሚ ይታጠቡ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ለእኔ የነገሩኝ ቆዳው ሲቆስል ነው።

ነቀርሳ፣ ማለትም ካንሰር፣ በሴት ብልት የውጭ ቆዳ ላይም ይወጣል። ግን በአንድ ቀን አይመጣም። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ቆዳው ይለወጣል። ይህ ለውጥ ገና ነቀርሳ አይደለም። ሳይታከም ከቆየ ግን ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። አረም ገና ሲበቅል በእጅ ይነቀላል፤ ከሰነበተ ግን ሰብሉን ይበላል፣ አይደል?

ለውጡ በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው መንገድ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል ተሕዋስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ብዙ ሰው ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። በአንዳንዶች ላይ ግን ለዓመታት ይቆያል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ወይም ሲጋራ የምታጨስ ሴት ይበልጥ ትጎዳለች። ለዚህ ቫይረስ ክትባት አለ። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶች መስጠት ተጀምሯል። ልጆቻችሁን አስከትቡ።

ሁለተኛው ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው። ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። በተለይ የወር አበባ ባቆሙ ሴቶች ላይ ይታያል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ወደ ነቀርሳ የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው። ቢሆንም ሐኪም በሚያዘው ቅባት መታከምና በየጊዜው መታየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ እነዚህን ምልክቶች ያዙ፦

1. ለሳምንታት የማይተው ማሳከክ ወይም ማቃጠል፤
2. የነጣ፣ የቀላ ወይም የጠቆረ ቆዳ፤
3. ኪንታሮት የሚመስል እብጠት፤
4. አልድን ያለ ቁስል ወይም መድማት።

አንዱን እንኳ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጨው፣ ሎሚና ሳሙና ቆዳውን ይብስ ያቆስሉታል። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ቦታውን አደንዝዞ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ወስዶ ያስመረምራል። በጊዜ ከተደረሰበት የተለወጠው ቆዳ ብቻ ይታከማል ወይም ተቆርጦ ይወጣል።

እኚያ እናት «በአፌ አልናገረውም» አሉኝ። «እንግዲያው ይጻፉት» አልኳቸው። በራሳቸው እጅ «ብልቴ ያሳክከኛል፤ ቆስሏል» ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ለነርሷ ሰጧት። ሲመረመሩ ገና ነቀርሳ አልሆነም ነበር። የተበላሸው ቆዳ ወጣላቸው፤ ከወር በኋላ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ዛሬም ሐኪም ጋ ይመላለሳሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ያፈራችሁ ጻፉት። ፊደል የተማርነው ለዚህም ነው።