«ከ1000 ቃል ያልበለጠ»፦ ስለ አጭር ልብ ወለድ ውድድር ደንብና ስለ ቃል አቆጣጠር

ለጀማሪ ጸሐፊዎች በሚዘጋጁ የአጭር ልብ ወለድ ውድድሮች ማስታወቂያ ላይ «ጽሑፉ ከ1000 ቃል ያልበለጠ መሆን አለበት» የሚለውን ወይም ይህን የመሰለ ሐረግ ማግኘት የተለመደ ነው። ሐረጉ ሲያዩት ማብራሪያ የሚያሻው አይመስልም። ይሁን እንጂ ደንቡን በሥራ ላይ ሊያውል የተቀመጠ ገምጋሚ የመጀመሪያውን ገጽ መቁጠር ሲጀምር በሥነ ልሳን ሊቃውንት ዘንድ ገና እልባት ያላገኘ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል የት ጀምሮ የት ያበቃል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ መስፈሪያው ለአማርኛ የማይስማማበትን ምክንያት ያብራራል፤ በምትኩ ሊያገለግል ይችላል የምንለውንም ያቀርባል።

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው። በምሥራቅ ጎጃም ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ውድድር ወጣ እንበል። አንዲት የብቸና ተማሪና አንድ የሞጣ ተማሪ ይወዳደራሉ። የብቸናዋ ተማሪ በታሪኳ ውስጥ የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፦ «መሪ ጌታው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለሱ ብድግ ብዬ ስለ ልጃቸው ነገርኳቸው፤ እርሳቸው ግን ዝም አሉ።» ይህ 17 ቃል ነው። የሞጣው ተማሪ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ደግሞ እንዲህ ሊያደርገው ይችላል፦ «መሪጌታው ከቤተክርስቲያን ወደትምህርትቤቱ ሲመለሱ ብድግ ብዬ ስለልጃቸው ነገርኳቸው፤ እርሳቸው ግን ዝም አሉ።» ይህኛው 12 ቃል ነው። አንድም ድምፅ አልተጨመረም፤ አንድም ሐሳብ አልተቀነሰም። በዚህ ስሌት የብቸናዋ ልጅ 1000ኛው ቃል ላይ ስትደርስ የሞጣው ልጅ በዚያው የታሪኩ ስፍራ ገና 706ኛው ቃል ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ለማሳያ ሲባል የታጨቀ ስለ ሆነ በተራ ጽሑፍ ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰፋም። ነገር ግን አጭር ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩን የሚቋጨው በመጨረሻው ግማሽ ገጽ ነው። ከወሰኑ ላለመውጣት ስትል ያንን ግማሽ ገጽ የምትቆርጠው ልጅ የምትከስረው በድርሰት ችሎታዋ ማነስ ሳይሆን ቃላቱን ለያይታ በመጻፏ ነው።

ከሁለቱ ተማሪዎች ተሳሳተ የሚባል የለም ማለት ይቻላል። «ወደትምህርትቤቱ» ዓይንን የሚከብድ ቢሆንም የሚጽፈው አይታጣም፤ የቀሩትን ግን በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ በሁለቱም መልክ እናገኛቸዋለን። ከአንድ ሆሄ የተሠሩት መስተዋድዶች፣ ማለትም «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና የአገናዛቢው «የ»፣ ሁልጊዜ ከሚከተላቸው ቃል ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ አያከራክሩም። ክርክሩ የሚነሣው «ስለ»፣ «ወደ»፣ «እንደ»፣ «እስከ»፣ «ያለ» ከሚሉት ሁለትና ሦስት ሆሄ ካላቸው ላይ ነው። በግዕዝ ጽሑፍ «እስከ»ን የመሰሉት በሁለት ነጥብ ተለይተው፣ ራሳቸውን ችለው ይጻፉ ነበር። አማርኛው ይህን ልማድ በከፊል ወርሷል፣ በከፊል ትቶታል። የሐዲስ ዓለማየሁን የ1958 ዓ.ም. ልብ ወለድ ርእስ ብንወስድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተብሎ ሲጻፍ 3 ቃል፣ «ፍቅር እስከመቃብር» ተብሎ ሲጻፍ 2 ቃል ነው፤ ሁለቱንም አጻጻፎች አንባቢ በየጊዜው ያያል። «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ራሱ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ውስጥ ካኖሩት ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ተነጣጥሎ፣ አንድ ጊዜ ተገጥሞ፣ አንድ ጊዜም በጭረት ተያይዞ ሲጻፍ ኖሯል። የውድድሩ ስም እንኳ ስንት ቃል እንደ ሆነ አልተወሰነም ማለት ነው።

ሁለተኛው የልዩነት ምንጭ ጥምር ቃል ነው። «ቤተ ክርስቲያን»፣ «መዝገበ ቃላት»፣ «ሆደ ሰፊ» የመሳሰሉት በግዕዝ የዘርፍ አያያዝ የተሠሩ ስለ ሆኑ ተናባቢያቸው በሳድስ ፈንታ በግዕዝ ድምፅ ያበቃል፤ ይህም አንድነታቸውን ያመለክታል። «ትምህርት ቤት» ግን የአማርኛ ጥምር በመሆኑ ይህን የመሰለ የድምፅ ምልክት የለውም። «ት/ቤት» ተብሎ ሲያጥር ደግሞ ያለ ክርክር አንድ ቃል ይሆናል፤ አሳጥሮ የጻፈ ተወዳዳሪ በያንዳንዱ አንድ ቃል ያተርፋል። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ «1978» በአኃዝ አንድ፣ በፊደል ሲጻፍ 6 ቃል ነው።

ሦስተኛው «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ቀጥ አደረገ» የሚሉትን ይመለከታል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ዝም አለ»ን በአንድ መግቢያ ሥር የሚያስቀምጠው ትርጉሙ ከ«አለ» ስለማይገኝ ነው። ጸሐፊው ግን ሁለት አድርጎ ይጽፈዋል፤ እዚህ ላይ የሁለቱም ተማሪዎቻችን አጻጻፍ ይስማማል። ስለዚህ በክፍት ቦታ የሚለየውን «የጽሕፈት ቃል»፣ በመዝገብ የሚገባውን ደግሞ «የመዝገብ ቃል» ብለን ብንለያቸው ይበጃል። የውድድር ደንቦች «ቃል» ሲሉ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሹ አይናገሩም።

ቆጠራው ለኮምፒዩተር ቢተውስ? ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው የጽሕፈትን ቃል ብቻ ነው፤ ለዚያውም በክፍት ቦታ እየለየ። ብዙ ጸሐፊዎች ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ ስለሚተዉ «።» ራሷን የቻለች ቃል ሆና ትቆጠራለች። በአንጻሩ ቃላቱን እንደ ጥንቱ በሁለት ነጥብ ብቻ ለይቶ ያለ ክፍት ቦታ የጻፈ ሰው ቢገኝ አንድ ሙሉ አንቀጽ እንደ አንድ ቃል ሊታለፍለት ይችላል።

የመስፈሪያው ችግር በአገር ውስጥ ብቻ አይወሰንም። በእንግሊዝኛ ለሚጻፉ አጫጭር ልብ ወለዶች የሚሰጠውና እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያዊ ትውልድ ያላት ሜሮን ሀደሮ ያሸነፈችው የኬን ሽልማት ደንብ ከ3000 እስከ 10,000 ቃል የሚል መጠን ሲያመለክት ቆይቷል፤ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ የታተመንም አያገልልም። አንድ ተርጓሚ 2000 ቃል የሆነ የአማርኛ ታሪክ ቢቀበል ታሪኩ ለዚያ ወሰን ያንሳል ብሎ መተው አይገባውም። «ስላልነገርኳችሁ» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል «ምክንያት»ን፣ አሉታን፣ ግሡን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን በ9 ሆሄ አጭቆ ይዟል፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት 6 ቃል ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ልማድ የተሰፈረ 1000 ቃል በአማርኛ ሲወሰድ ከታሰበው ይልቅ የረዘመ ታሪክ ይፈቅዳል። (የትርጉም ዋጋ በቃል ሲተመን ቆጠራው በምንጩ ጽሑፍ ነው ወይስ በትርጉሙ የሚለውም ከዚሁ የሚመነጭ በመሆኑ ተርጓሚዎች ውል ሲፈርሙ ቢያስቡበት መልካም ነው።)

ሌሎች ቋንቋዎች በቃል ቆጠራ ላይ ብቻ አልተመሠረቱም። ቃላቱን በክፍት ቦታ የማይለየው ጃፓንኛ 20 በ20 የተሰመረ፣ 400 ሆሄ የሚይዝ ባለ ካሬ የጽሕፈት ወረቀት አለው፤ የድርሰት ውድድሮችም ወሰናቸውን «ይህን ያህል ወረቀት» ብለው ያወጣሉ። ሩስያውያን አሳታሚዎች «የደራሲ ሉህ» የሚሉት መለኪያ ክፍት ቦታውንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 40,000 ሆሄ ነው። ጥምር ቃልን አርዝሞ በመግጠም የታወቀው ጀርመንኛ ደግሞ 30 መስመር በ60 ሆሄ የሆነ መደበኛ ገጽ ይጠቀማል።

ጽሑፍን በወሰን መስፈር ራሱ ለብቸናና ለሞጣ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከብቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል በምትገኘውም በደብረ ወርቅ ቅኔ የተማረ ሁሉ ጉባኤ ቃና በ2፣ ዘአምላኪየ በ3፣ ዋዜማ በ5፣ ሥላሴ በ6፣ መወድስ በ8 ቤት እንደሚፈጸም ያውቃል። መስፈሪያው ግን ቤቱና ዜማው ነው፤ የቅኔው መምህር የደቀ መዝሙሩን ቃላት አይቆጥርም።

ስለ ስያሜዎቹ ጥቂት እንበል። ለመጠኑ «ገደብ»፣ «ጣሪያ»ና «ወሰን» የሚሉ ቃላት እየተፈራረቁ ያገለግላሉ። «ጣሪያ» ላይኛውን ብቻ ስለሚያመለክት፣ «ገደብ»ም የክልከላ መንፈስ ስላለው፣ ሁለቱንም ዳር የሚይዘውን «ወሰን»ን እንመርጣለን። «ጀማሪ ጸሐፊ» የሚለው ግን ያሳስበናል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጽፎ ያላሳተመ የሞጣ መምህር ጀማሪ አይደለም፤ አማተር ነው። ውድድሩ እርሱንም የሚጨምር ከሆነ «መጽሐፍ ያላሳተመ ጸሐፊ» ማለት ይሻላል፤ ይህ ሊረጋገጥ የሚችል መመዘኛ ነውና። «ፊደል» ሥርዓቱንም ነጠላውን ምልክትም ስለሚጠራ ለመቁጠሪያ «ሆሄ» የሚለውን ወስደናል።

በእኛ አስተያየት የውድድር ወሰን በሆሄ ቢወጣ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። ከላይ የጠቀስነው ዓረፍተ ነገር በብቸናዋም በሞጣውም ተማሪ አጻጻፍ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ ሳይቆጠር 55 ሆሄ ነው። «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» ተለዋውጠው ቢጻፉም ቁጥሩ አይነካም፤ ስለ ሞክሼ ሆሄያት የቆየው ክርክር እዚህ አይደርስም። ፍጹም እኩልነት ግን አይገኝም፤ «ነገርኳቸው» 6 ሲሆን «ነገርኩዋቸው» 7 ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የወጣውን መዝገበ ቃላታቸውን ርእስ «ያማርኛ» ብለው ሲጽፉ «የአማርኛ» ከሚለው አንድ ሆሄ ቀንሰዋል። ልዩነቱ ጥቂት ስለ ሆነ በደንቡ ውስጥ ከመቶ 5 ያህል መቻቻያ ቢታከል ይበቃል።

ደንቡ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ታሪኩ ከ3000 ያላነሰ፣ ከ4000 ያልበለጠ ሆሄ ይኖረዋል፤ ክፍት ቦታ፣ ሥርዓተ ነጥብና ርእስ አይቆጠሩም፤ አንድ የአኃዝ ምልክት እንደ አንድ ሆሄ ይቆጠራል።» 4000 ያልነው አንድን ቃል በ4 ሆሄ በመገመት ነው፤ አዘጋጆች ካለፈው ዓመት ጽሑፎች ጥቂት ገጾች ቆጥረው ግምቱን ሊያርሙት ይችላሉ። በእጅ ለሚጽፍ ተወዳዳሪ ደግሞ ሙሉውን መቁጠር አስፈላጊ አይደለም፤ ከታሪኩ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ዐሥር ዐሥር መስመር ቆጥሮ፣ ድምሩን ለ30 አካፍሎ፣ የደረሰውን በመስመሮቹ ብዛት ማባዛት ይበቃዋል። ገምጋሚውም በዚያው መንገድ ይቆጥራል፤ ከጽሑፉ ግርጌ የሚጻፈውም የተገኘው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመስመሮቹ ብዛት ጭምር ይሆናል።