የገበያ ከተማና ባለ እጆቿ

አንድ የገበያ ከተማ ስትቆረቆር በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት ማን ነው? ብዙ ሰው «ነጋዴ» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ይሁን እንጂ ገበሬው የሚቆፍርበት ዶማ፣ ሥጋ ሻጩ የሚይዘው ቢላዋ፣ መንገደኛው የሚጫማው ጫማ ሁሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በአንድ ሰው እጅ መሠራት አለበት። ስለሆነም ገበያ ባለበት ሁሉ ባለ እጅ አለ። በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ የሚገኘው ዳሚ የተባለው ሰፈር የሚታወቀው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች መኖሪያነቱ ነው።

ሐርጌሳ ቀደም ሲል ወደ በርበራ ወደብ የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ውሃ የሚያገኙባት ማረፊያ ነበረች። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች የቅኝ ግዛታቸውን ዋና ከተማ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ አዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ እየሰፋች ሄደች። የኑሮዋ መሠረት ግን ገበያ እንደሆነ ቀረ። ግመል፣ በግና ፍየል በገበያዋ ተሸጠው በበርበራ በኩል ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ። ከኢትዮጵያ ደግሞ ጫትና ሌላም ሸቀጥ በቶጎ ውጫሌ በኩል ይገባል። ገንዘብ መንዛሪዎች የብር ኖታ እንደ ጡብ ቆልለው በመንገድ ዳር ይቀመጣሉ።

በዳሚ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሰዎች ገቦዬ በሚል የጋራ ስም ይጠራሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሌሎቹ ቆዳ ፋቂዎችና ጫማ ሠሪዎች፣ ሌሎቹም ፀጉር አስተካካዮች ናቸው። ከኢትዮጵያ ለሥራ የሄዱ ሰዎችም ከእነርሱ ጋር በጉርብትና ይኖራሉ። ቀጥቃጩ ውዳቂ ብረት በፍም አግሎ ቢላዋ፣ መጥረቢያና ዶማ ያወጣበታል። በሥራው የማይጠቀም የከተማው ነዋሪ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ በሥራው ቢጠቀምም ባለ እጁን አላከበረውም። በአርብቶ አደሩ ዘንድ የክብር መለኪያው የከብት ብዛትና የጎሣ ጥንካሬ ነበር። ባለ እጁ ከብት ስላልነበረው በራሱ ጎሣ ሊመካ አልቻለም፤ ከአንድ ብርቱ ጎሣ ተጠግቶ እያገለገለ ይኖር ነበር። ከሌላው ሕዝብ ጋር በቋንቋም ሆነ በሃይማኖት አንድ ሆኖ ሳለ በጋብቻ እንዳይዛመድ ልማድ ከለከለው። ይህ ክልከላ እስከ ዛሬ ድረስ ፈጽሞ አልጠፋም። በትምህርት ቤት የሚደርስባቸውን ስድብ መታገሥ አቅቷቸው ትምህርታቸውን ያቋረጡ ልጆችም አሉ።

ነውሩ ከሥራው የመጣ ነውን? እንዳልሆነ ለመረዳት ሌላ አገር መመልከት ይበቃል። በእንግሊዝ አገር በትንንሾቹ የገበያ ከተሞች ብረት ሠሪው የታወቀ ሰው ነበር። «ስሚዝ» ማለት ብረት ቀጥቃጭ ማለት ሲሆን፣ ይህ ቃል ዛሬ በዚያ አገር ከቤተሰብ ስሞች ሁሉ የበለጠ የተለመደው ነው። በአንድ አገር የመጠሪያ ስም የሆነው ሙያ በሌላው አገር ስድብ ከሆነ፣ ጉድለቱ ከተመልካቹ እንጂ ከሙያው አይደለም።

እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ስድቡን ቢከለክልም ንቀቱን ከሰው ልብ ጨርሶ ሊነቅለው አልቻለም።

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ። ከግንቦት 1980 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተደረገው ጦርነት የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከከተማይቱ ከራሷ ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን ደበደቡ። ባለ ከብቱም ባለ እጁም ተሰደደ። በጅጅጋ አቅራቢያ የሚገኘው የሐርተሼክ የስደተኞች ሠፈር በዚያን ጊዜ በዓለም ከነበሩት ታላላቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ ሆኖ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ስደተኞቹ ተመልሰው ከተማቸውን እንደገና ሠሩ። ያሳዝናል፣ ስደት አንድ ያደረጋቸውን ሰዎች የቀድሞው ልማድ ዳግም ለያያቸው።

ዛሬ በገበያው ሌላ ለውጥ ይታያል። በመርከብ የሚመጣ የፋብሪካ ቢላዋና ጫማ ርካሽ በመሆኑ የባለ እጁን ገበያ ወስዶበታል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በእጅ ስልክ ገንዘብ መላላክ ስለተጀመረ ትንሿ ቸርቻሪ ሳትቀር ሒሳቧን በስልክ ትቀበላለች። ከተማይቱ የዘመናዊውን መሣሪያ አጠቃቀም በጥቂት ዓመታት ተማረች፤ ሰውን በሥራው ማክበርን ግን ገና እየተማረች ነው። የዳሚም ወጣት በሁለት በኩል ተቸግሯል። የአባቱ ሙያ እንጀራ አያበላውም፤ የአባቱ ሙያ ያመጣበት ንቀት ግን ከአዲሱ ሥራ ደጃፍ ላይ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የአንድን ከተማ ለውጥ በሕንፃዎቿ ብዛት ብቻ መለካት አይገባም። ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው፤ የሰው አስተሳሰብም የሚቃናው በልጅነት ነው። ለዚህም ከትምህርት ቤት የተሻለ ወናፍ የለም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ሐርጌሳ የገበያ ከተማ ለመሆን የበቃችው እንዴት ነው?
2. አርብቶ አደሩ ባለ እጁን የናቀበት ምክንያት ምን ነበር?
3. ጸሐፊው «ስሚዝ» የሚለውን ስም የጠቀሰው ምን ለማስረዳት ነው?
4. የዳሚ ወጣት «በሁለት በኩል ተቸግሯል» የተባለው ለምንድን ነው?

ለ. ለሚከተሉት ቃላት ፍች ከሰጣችሁ በኋላ በዐረፍተ ነገር አስገቧቸው።
ተቆረቆረ፣ ሲራራ፣ ነውር፣ ወናፍ

ሐ. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ባለ እጅ ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።