ሚኒቫን ሲመርጡ ምርመራው ከኋላ ወንበር ይጀምር

ሚኒቫን ሊገዛ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ የሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መሪውን ይጨብጣል፣ ስክሪኑን ይነካካል፣ ሞተሩን ያስነሣል። ስምንት ሰው በሚይዝ መኪና ውስጥ ግን መሪ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው ለሌሎቹ ሰባት ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው፦ ከኋላው በር ይጀምሩ፣ ወደ ፊት እየመጡ ይመርምሩ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ መጨረሻ ይቀመጡ። መኪናው አዲስም ሆነ ያገለገለ ይኸው ቅደም ተከተል ይሠራል።

የምናገረው ስለ አሜሪካ ገበያ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ የሚቀበለውም በሚኒቫን ነው። በዚያው መኪና በታክሲነት እንጀራውን የሚያገኝም አለ። በዚህ ገበያ በብዛት የሚታዩት ቶዮታ ሲየና፣ ሆንዳ ኦዲሲ፣ ክራይስለር ፓሲፊካና ኪያ ካርኒቫል ናቸው።

ሚኒቫንን ከትልቅ ኤስዩቪ የሚለየው ዋናው ነገር ወለሉ ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ዶጅ ካራቫንንና ፕሊመዝ ቮየጀርን ሲያወጣ የሠራቸው እንደ ቤት መኪና፣ ኃይሉ ወደ ፊት ጎማዎች እንዲሄድ አድርጎ ነበር። ኃይሉ ከፊት ካለቀ ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ዘንግ አያስፈልግም፤ ዘንጉ ከሌለ ወለሉ ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ መሆን ይችላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያለ ደጋፊ ሊገቡበት የሚችሉት ለዚህ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ ጀርባ ያለው ጥልቅ ጉድጓድም የዚሁ ወለል ትሩፋት ነው፤ ወንበሩ ሲታጠፍ ይገባበታል፣ ወንበሩ ሲነሣ ደግሞ ሻንጣ ይቆምበታል።

እንግዲህ ከዚያ ጉድጓድ እንጀምር። ምንጣፉን ገልጠው ጥግ ጥጉን በእጅዎ ይዳስሱ። ያገለገለ መኪና ጎርፍ ገብቶበት ከነበረ ውሃው የሚተኛው እንዲህ ባለ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ደረቅ ጭቃ፣ የብሎን ዝገት፣ የሻጋታ ሽታ ምስክር ይሆናሉ። የሦስተኛውን ረድፍ የደህንነት ቀበቶም እስከ መጨረሻው ጎትተው ያውጡት፤ ተጠቅልሎ የሚኖረው ክፍል ላይ የውሃ መስመር ካለ መኪናው ሌላ ታሪክ አለው ማለት ነው። መኪና አጣቢ ወንበሩን ያጸዳል፣ ቀበቶውን ግን እስከ ጫፉ ስቦ የሚያጥብ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ከቤተሰቡ ረጅሙ ሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ፤ ለደቂቃ ሳይሆን በሙከራ ጉዞው በሙሉ። ጉልበቱ ወደ አገጩ ከቀረበ ያ ወንበር የልጆች ብቻ ነው፤ ይህንንም ከመግዛት በፊት ማወቅ ይሻላል። ኤርኮንዲሽነሩን ከፍተው ከኋላ ቀዝቃዛ አየር መድረሱን ያረጋግጡ። ወደ ኋላ የሚሄዱት የኤርኮንዲሽነር ቱቦዎች በመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፉ ናቸው፤ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ጨው በሚረጭባቸው ግዛቶች ዝገት ይበሳቸዋል። ሹፌሩ እየበረደው ከኋላ ያለው ሕፃን የሚያልበው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ጨርሶ ወደማያስበው ነገር እንምጣ፤ ክብደት። የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ ስለ ጎማ ንፋስ የሚናገር ትንሽ ተለጣፊ አለ። እዚያው ላይ የሰዎችና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከስንት መብለጥ እንደሌለበት በፓውንድና በኪሎ ተጽፏል። ስምንት ወንበር አለ ማለት ስምንት ትልልቅ ሰው ከነሻንጣው ይጫናል ማለት አይደለም። ወደ ደለስ ኤርፖርት የሚደረገውን ሽኝት አስቡት። አራት መንገደኞችና ሦስት ሸኚዎች፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ 75 ኪሎ ቢመዝኑ 525 ኪሎ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ሁለት ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ከያዘ ለአራቱ 184 ኪሎ ይጨመራል። ድምሩ 709 ኪሎ፣ ማለትም ከ1,560 ፓውንድ በላይ ሆነ፤ የእጅ ሻንጣውን ገና አልቆጠርነውም። ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር ለምሳሌ 1,300 ፓውንድ ከሆነ መኪናው ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

ከአቅም በላይ መጫን ለጊዜው ምንም ያደረገ አይመስልም። መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል። ነገር ግን የኋላ ጎማዎቹ ይበልጥ ይታጠፋሉ፣ ይግላሉ፤ ፍሬን ሲያዝ መቆሚያው ይርቃል፤ አፍንጫው ከፍ ስለሚል መብራቱ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ይህ ሁሉ በሀይዌይ ፍጥነት፣ ቤተሰቡ በሙሉ በተሳፈረበት ሰዓት የሚደርስ ነው። የአንድ ሞዴል ዓይነቶች በዚህ ቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዕቃ የበዛበት ውዱ ዓይነት ራሱ ስለሚከብድ ለሰው የሚተርፈው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የሚገዙትን መኪና ተለጣፊ ራስዎ ያንብቡ፣ የሻጭ ቃል አይበቃም።

የሚንሸራተተው በር ደግሞ የሚኒቫን ጌጥም ደካማ ጎንም ነው። በሩን የሚስበው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ኃይሉ በገመድ በኩል ይተላለፋል፣ በሩ በሐዲድ ላይ በትንንሽ ጎማዎች ይንሸራተታል። ገመዱ ይበጣጠሳል፣ ጎማዎቹ ይበላሉ፣ ሐዲዱ በብስኩት ፍርፋሪና በአሸዋ ይሞላል። ስለዚህ ሁለቱንም በሮች ደጋግመው ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ መኪናው ዳገት ላይ ቆሞም ይሞክሩ። የሚንቋቋ ወይም ግማሽ መንገድ ላይ የሚያመነታ በር ጥገናው ርካሽ አይደለም። ቶዮታ በ2016 ከ2011 እስከ 2016 የተመረቱ ወደ 744,000 የሚሆኑ ሲየናዎችን ለጥገና የጠራው በዚሁ በር ምክንያት ነበር። በሩ ሲከፈት አንድ ነገር ካገደው የሞተሩ ፊውዝ ሊቃጠል፣ መቆለፊያው ሳይቆልፍ ሊቀርና በሩ በጉዞ ላይ ሊከፈት ይችላል። የዚያን ዘመን ሲየና የሚገዛ ሰው ጥገናው መደረጉን ሳያረጋግጥ ልጅ ማሳፈር የለበትም።

የልጅ መቀመጫውን፣ ካርሲቱን፣ ይዘው ይሂዱና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያስሩት። ካርሲት ታስሮ እያለ ሌላ ልጅ ወደ ሦስተኛው ረድፍ በየት ያልፋል? ባለ ሰባት ወንበር ከሆነ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው መተላለፊያ ያልፋል። ከ2018 ወዲህ ያለው ኦዲሲ በብዙ ዓይነቶቹ ወንበሩን ወደ ጎን ማንሸራተት ይፈቅዳል፤ ለባለ መንታ ትልቅ እፎይታ ነው። የፓሲፊካ ወንበሮች ወለሉ ውስጥ ታጥፈው ስለሚገቡ ሶፋ ለሚያጓጉዝ ሰው የሚስተካከለው የለም፤ ሆኖም በሶኬት በሚሞላው ሃይብሪድ ዓይነት ጉድጓዱን ባትሪው ስለያዘው ሁለተኛው ረድፍ እንዲህ አይታጠፍም። ከ2021 ወዲህ ያለው ሲየና ደግሞ የሁለተኛው ረድፍ ወንበሮቹ በቀላሉ አይነቀሉም።

ካርሲቱን ከወንበሩ ሥር ባሉት ብረቶች ለማሰር ገደብ እንዳለ ልብ ይበሉ፤ የልጁና የካርሲቱ ክብደት ተደምሮ ከ65 ፓውንድ ካለፈ በመኪናው ቀበቶ መታሰር አለበት። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የሚደግፉት የመንገድ ደህንነት ተቋም በ2023 አራቱን ሚኒቫኖች በአዲስ የግጭት ፈተና ሲፈትናቸው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለሚቀመጥ ሰው በሚሰጡት ጥበቃ ከአራቱ አንዳቸውም ጥሩ ወይም አጥጋቢ ውጤት አላገኙም። ለቤተሰብ ተብሎ የሚሸጥ መኪና በኋላ ወንበሩ ሲወድቅ ያሳዝናል። ይህ ማለት ግን ልጅን ወደ ፊት አምጡ ማለት አይደለም፤ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቦታው አሁንም የኋላ ወንበር ነው። የሚገዙት ዓመት ሞዴል በዚህ ፈተና ምን እንዳገኘ የተቋሙ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል።

ጎማውን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2321 ካለ በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ያረጃል።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ ዋናው ምርጫ ሃይብሪድ ወይስ ባለ 6 ሲሊንደር የሚለው ነው። ሲየና ከ2021 ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ሆኗል። ባለ 2.5 ሊትር ቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተሮች በጥርስ ጎማዎች ተገናኝተው አብረው ይሠራሉ፤ ደረጃ በደረጃ ማርሽ የሚቀይር የተለመደው ካምቢዮ የለውም። መኪናው ሲነሣ ኤሌክትሪኩ ይገፋል፣ ኃይል ሲፈለግ ቤንዚኑ ይገባል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና በሙቀት መልክ ይባክን የነበረውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። መብራት በበዛበት ከተማ ጥቅሙ የሚጎላው ለዚህ ነው፤ የፍሬን ሸራውም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ዳገት ላይ ሲረገጥ ሞተሩ ከፍ ባለ አንድ ዓይነት ድምፅ ይጮኻል፤ ጠባዩ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

በመንግሥት የነዳጅ ሰሌዳ መሠረት ባለ ፊት ጎማው ሲየና ከተማና ሀይዌይ ተደባልቆ በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፤ ባለ 3.5 ሊትሩ ኦዲሲ 22። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ወደ 265 ጋሎን ይመጣል፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ተኩል ቢሆን በዓመት ከ900 ዶላር በላይ ነው። በመኪናው ለሚሠራ ሰው ይህ እጥፍ ድርብ ይሆናል። በዓመት 6,000 ማይል ብቻ ለሚነዳ ቤተሰብ ግን የሃይብሪዱን ተጨማሪ ዋጋ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ እንዲህ ላለ ቤት በደንብ የተያዘ ያገለገለ ባለ 6 ሲሊንደር መግዛት ብልህነት ይመስለኛል።

ኦዲሲ ሲሆን አንድ ጥያቄ አይዝለሉ፦ የታይሚንግ ቺንጋው ተቀይሯል ወይ? ቺንጋው የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ያቀናጃል፤ መቀየር ያለበት በ100,000 ማይል ገደማ ነው። በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ይመታሉ፣ ሞተሩም ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ሻጩ «ተቀይሯል» ካለ የጋራዥ ደረሰኙን ይጠይቁ፤ ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ዋጋውን ይቁረጡ። ከ1999 እስከ 2004 ያሉት ኦዲሲዎች በካምቢዮ ብልሽት የታወቁ ስለሆኑ ዋጋቸው ቢያማልልም እኔ አልመክርም። ሃይብሪድ ሲየና ሲሆን ደግሞ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ያለ የቶዮታ ሃይብሪድ ባትሪ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል፣ ከሁለቱ የቀደመው እስኪደርስ ዋስትና አለው፤ ዋስትናው ለቀጣዩ ባለቤት ስለሚተላለፍ ምን ያህል እንደቀረው መቁጠር ተገቢ ነው። የ2017 ወይም የ2018 በሶኬት የሚሞላ ፓሲፊካ የሚያዩ ከሆነ ኩባንያው በ2022 በእሳት አደጋ ሥጋት መኪኖቹን ለጥገና ጠርቶ፣ እስኪጠገኑ ከቤትና ከሌላ መኪና ርቀው ውጭ እንዲቆሙ መክሮ እንደነበር ይወቁ።

እንዲህ ያለው የጥገና ጥሪ፣ ሰዉ ሪኮል የሚለው፣ የሚጣራው በመኪናው ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ነው። መለያው በሹፌሩ በኩል በፊት መስታወቱ ሥር ይታያል። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ያልተሠራ ጥሪ ካለ ይነግርዎታል፤ ጥገናውን የኩባንያው ዲለር ያለ ክፍያ ይሠራል። አዲስ መኪና ጥሪው ሳይሠራለት መሸጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ያገለገለውን ግን ያ ሕግ አይነካውም። ስለዚህ ማጣራቱ የገዢው ሥራ ሆኗል።

በመጨረሻ መሪውን ይያዙ፤ ግን ብቻዎን አይንዱ። ወንበሮቹን በቤተሰብ ሞልተው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ አስነሥተው፣ ጎርበጥባጣ መንገድና ሀይዌይ ላይ ይውጡ። ባዶውን ጸጥ ያለ ሚኒቫን ሰባት ሰው ሲጫንበት ከኋላ ሊንኳኳ ይችላል፤ የሚፈልጉት ያንን ድምፅ ነው። የማይል ቆጣሪው ከሚለው በላይ የሁለተኛው ረድፍ ወንበር፣ የበሩ መያዣና የመግቢያው ደፍ ከተበሉ መኪናው ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዋጋው ግን ያንን ማንጸባረቅ አለበት።

ከዚያ ከሻጩ ጋር ወደማይተዋወቅ መካኒክ ይውሰዱት። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና በአዲስ ባለቤት ስም ሲመዘገብ የምትጠይቀው የደህንነት ምርመራ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራትና መሪ የመሳሰሉትን ያያል እንጂ የሞተርና የካምቢዮ ዕድሜ አይነግርም። ዲለር በሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስታወት ላይ መለጠፍ ያለበትን ወረቀትም ያንብቡ፤ «እንዳለ» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ካለ ዲለሩ ከሽያጭ በኋላ ለሚመጣ ጥገና ኃላፊነት አይወስድም። መኪና ገዝቶ በሦስት ቀን መመለስ ይቻላል የሚለው ወሬ በፌዴራል ሕግ መሠረት የለውም፤ ዲለሩ ራሱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ፊርማው የመጨረሻ ነው። መኪናውን ለመካኒክ ለማሳየት እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠመ ቁልፉን መልሰው ይሂዱ።