ተጫራች ያጣ ሐራጅ

ምስክር ሳዘጋጅ የምላት ነገር አለችኝ፤ «ያዩትን ይናገሩ፣ የሰሙትን ይተዉት።» ሰሞኑን ይህንኑ ለአንድ አዛውንት ዘበኛ ብነግራቸው «አዬ ልጄ፣ እኔን ማን ይሰማኛል?» አሉኝ። «ፍርድ ቤቱ ነዋ፣ አባባ» አልኳቸው። ማታ ግን ሚፍሊን ጊብስ ትዝ አለኝ።

ጊብስ በ1823 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አናጢነት ተምሮ በወርቁ ግርግር ዘመን ሳን ፍራንሲስኮ ገባና ከፒተር ሌስተር ጋር ጫማ ቤት ከፈተ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ቦት ጫማ ለክቶ «አስቀምጡልኝ» ብሎ ሄደ። ወዲያው ጓደኛው መጣና «እሱ ቢቀየም እኔ አለሁ» ብሎ ያንኑ ጫማ ወሰደ። ቆይተው ሁለቱም ተመለሱና ሌስተርን በከዘራ ደበደቡት። ሌስተር እጁን ቢያነሳ ይገደላል፤ ጊብስም ያየውን ችሎት ቀርቦ መናገር አይችልም። በካሊፎርኒያ ሕግ ጥቁር ሰው በነጭ ላይ አይመሰክርማ! ክልከላው የተነሳው በ1863 ነው።

ምስክርነታቸውን የማይቀበለው መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብር ግን ጠየቃቸው። አንከፍልም አሉ። ዕቃቸው ተይዞ ለሐራጅ ቀረበ። የደቡብ ተወላጅ የሆነ አንድ ነጭ ወዳጃቸው በተሰበሰበው ሕዝብ መሀል እየተዘዋወረ ማንም ዋጋ እንዳይሰጥ አግባባ። አንድም ተጫራች ጠፋ፤ ዕቃው ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላም ግብሩን የጠየቃቸው የለም። በአፈጻጸም መዝገብ ስንት ዓመት ተንከራትቻለሁ፤ ተጫራች ያልቀረበበት ሐራጅም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም። አንቀጽ አልተጠቀሰ፣ ይግባኝ አልተባለ!

የቀረው ታሪኩ የሹመት ዝርዝር ነው። በ1858 ወደ ቪክቶሪያ ተሻግሮ ነገደ፣ የከተማው ምክር ቤት አባልም ሆነ። አሜሪካ ተመልሶ ሕግ ተማረ፤ አርካንሳስ ውስጥ በሊትል ሮክ ጥብቅና ቆመ። በ1873፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ የከተማዋ ዳኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በአሜሪካ በምርጫ የከተማ ዳኛ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ሰባ ካለፈው በኋላም ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ቆንስል አድርጎ ማዳጋስካር ላከው። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሁሉ «የመጀመሪያው» የምትለዋን ቃል ይወዷታል። እኔ ከጫማ ቤቱ አልወጣ አልኩ።

አባባ ረቡዕ ይመሰክራሉ። «የት ቆመው አዩ?» የሚል መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርላቸውም። ዛሬ ከሥራ ስወጣ ከዘበኛ ቤታቸው ደጃፍ ቆሜ አየሁ የሚሉት በር ይታይ እንደሆነ አያለሁ።