እድፉ ካለበት ሳይሆን ከበላዩ

በመኪና የሚጎተት የመዝናኛ ቤት አፈሰሰ ብለው ሲጠሩኝ፣ ባለቤቶቹ በቅድሚያ የሚያሳዩኝ ኮርኒሱ ላይ የወጣውን ቡናማ እድፍ ነው። «ቀዳዳው ይኸው» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እዚያ አይደለም። ውኃው ጣሪያው ላይ ካለው የአየር መውጫ ጠርዝ ገብቶ፣ በእንጨቱና በኮርኒሱ መካከል ተንሸራትቶ፣ ራቅ ብሎ አልጋው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ፍለጋዬ ከእድፉ በላይ፣ ውኃው ወደመጣበት ከፍታ ነው።

የምሠራው ሲያትል አካባቢ ነው። አገር ቤት ክረምቱ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ እዚህ ዝናብ እምብዛም የለም፤ ጥገናውም መሠራት ያለበት ያኔ ነው። እርጥብ ጣሪያ ማሸጊያ አይይዝም።

የብዙዎቹ ተጎታች ቤቶች ጣሪያ ኢፒዲኤም የሚባል የጎማ ሽፋን ሲሆን ከሥሩ ስስ ጣውላ አለ። ቅርንጫፍ ካልቀደደው በቀር ጎማው ራሱ ቶሎ አይበሳም። የሚያፈሰው ፋብሪካው የቆረጠው ወይም ያገጣጠመው ቦታ ነው፦ የአየር መውጫው፣ የፍሳሽ መተንፈሻው፣ ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበት ጠርዝ። እዚያ ያለውን ማሸጊያ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የመንገዱ ንዝረት ይሰነጥቀዋል።

ማሸጊያ ከመክፈቴ በፊት ጣሪያውን በመዳፌ እየተጫንኩ እሄዳለሁ። ለስለስ ብሎ ከሰረገደ ከሥር ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው፤ ያንን ሳይቀይሩ ከላይ ማሸግ እርጥበቱን ውስጥ መቆለፍ ነው። ልጆች የሚተኙበት ቤት ሲሻግት ማየት ያመኛል።

ሲሊኮን ግን እባካችሁ አትቀቡ! ከጎማው ጋር በደንብ አይጣበቅም፣ ቅሪቱም ኋላ የሚመጣውን ትክክለኛ ማሸጊያ አያስይዝም። በቤንዚንም አትጥረጉት፤ ኢፒዲኤም ነዳጅ ሲነካው ያብጣል። በለስላሳ ሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ የተላቀቀው ማሸጊያ በፕላስቲክ መፋቂያ ተነሥቶ፣ በደንብ ይድረቅ። ለጥ ባለው ጣሪያ ላይ ራሱ ፈስሶ የሚተኛው ማሸጊያ ይሆናል፤ በቋሚው ጎን ግን ይንጠባጠባል፣ ለዚያ የማይፈሰውን ዓይነት ግዙ። የአየር መውጫው ክፈፍ ከተነቃነቀ ደግሞ ከላይ መቀባት አይበቃም። ብሎኖቹ ተፈትተው፣ አሮጌው ማጣበቂያ ተፍቆ፣ ቡታይል የሚባለው ለስላሳ ጥቅል ማሸጊያ ከክፈፉ ሥር ይነጠፋል፤ ከዚያ ክፈፉ ተመልሶ ይታሰራል፣ የብሎኖቹም ራስ ይሸፈናል።

ማሸጊያው ሲጠነክር፣ ለመፈተሽ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቁም፤ ሌላው በጎማ ቱቦ ውኃ ያፍስስ። ከዝቅተኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይውጣ፤ ከላይ ከጀመረ ውኃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ የቱ ጋ እንደገባ አይለይም።